“የተማረ ይግደለኝ” ለባለአክሲዮን ያዋጣል?

ሰሞኑን በአንድ የአክሲዮን ሽያጭ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የማኅበሩን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ሁሉም ይመሳሰላሉ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ሻይና ኩኪስ ቀርቧል፣ ከመድረኩ ጀርባ የአደራጆቹ ፎቶግራፍ በትልቁ ተሰቅሏል። ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር የመጀመሪያ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተዘርዝሮ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተማሩበት የውጭ አገር ኮሌጅ ስም በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። አጠገቤ የተቀመጠው ደላላ በጆሮዬ፣ “እነዚህ ሰዎች ባሉበት ገንዘብ አይጠፋም፤ ቶሎ ፈርም” አለኝ።

ይህን ጊዜ ከኋላ አንድ የእህል በረንዳ ነጋዴ እጃቸውን አውጥተው ተነሡ። “ልጆቼ፣ ሁላችሁም እንደ ተማራችሁ ሰማን፤ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመካከላችሁ በሰው ገንዘብ ነግዶ፣ ከስሮ፣ ዕዳውን ከፍሎ የሚያውቅ ማነው?” አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሰብሳቢው “አባባ፣ የጥያቄ ሰዓት ገና ነው” ብሎ አለፋቸው። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ግን ጥያቄያቸው ተረስቶ፣ ሕዝቡ ፎርም ለመሙላት ተሰልፎ ነበር።

የአባባ ጥያቄ ሳይመለስ መቅረቱ ስላልተዋጠልኝ ዛሬ በዚህ ገጽ ላነሣው ወደድኩ። አባቶቻችን “የተማረ ይግደለኝ” ሲሉ ስለ ሐኪምና ስለ ዳኛ ይሆናል። ገንዘቡን ለሌላ ሰው አደራ የሚሰጥ ባለአክሲዮን ግን ይህን አባባል እንዳለ መቀበል ይገባዋልን? መልሱን ለመፈለግ የአገራችንን ኮሌጆች ትቼ፣ በዓለም የንግድ ትምህርት ቤቶች መካከል ስሙ ከፊት የሚጠራውን፣ ፈረንሳይ አገር የሚገኘውን ኢንሲያድን እንመልከት። የመሠረቱትን፣ ከውስጡ የወጡትን ታላላቅ ሰዎችና የደረሰባቸውን እንቁጠር። (ካልተገለጸ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርት ቤቱን የፀነሰው ጄኔራል

የኢንሲያድ አባት ዦርዥ ዶሪዮ ይባላል። በ1899 ፓሪስ ተወለደ፤ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ለአርባ ዓመት ገደማ አስተማረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ሠራዊት ስንቅና ትጥቅ ከሚያቅዱት አንዱ ሆኖ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ አገኘ። የወታደር ጫማ፣ የወታደር ልብስ፣ የወታደር ምግብ የእሱ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበር።

የገበያ ሰው የሚያስታውሰው ግን በሌላ ነገር ነው። ዶሪዮ በ1946 ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራው ከባለሀብት ገንዘብ ሰብስቦ፣ ባንክ ብድር የማይሰጣቸውን ጀማሪ ፈጣሪዎች አክሲዮን መግዛት ነበር። በ1957 ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ኮምፒዩተር መሥራት እንፈልጋለን ብለው ሲመጡ 70 ሺህ ዶላር ሰጥቶ የኩባንያቸውን አብዛኛውን አክሲዮን ያዘ። ኩባንያው ዲጂታል ኢኩፕመንት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ያ 70 ሺህ ዶላር ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ አወጣ። ዛሬ “ቬንቸር ካፒታል” የሚባለው ንግድ አባት ዶሪዮ ነው የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ዶሪዮ ገንዘቡን የሚያወጣው በዋናነት ሰውየውን አይቶ እንደ ነበር በሰፊው ይነገርለታል። መካከለኛ ሐሳብ የያዘ ጠንካራ ሰው፣ ድንቅ ሐሳብ ከያዘ ደካማ ሰው ይሻላል ባይ ነበር።

በዚያው በ1957 ዓ.ም. ነው በእሱ አነሣሽነት ኢንሲያድ የተቋቋመው። ቀድሞ ተማሪዎቹ የነበሩት ክሎድ ዣንሰንና ኦሊቪዬ ዢስካር ዴስታን አብረውት ደከሙ። ሁለተኛው በኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሆነው የቫሌሪ ዢስካር ዴስታን ወንድም ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ለትምህርት ቤቱ ድጋፍ የሰጠው የፓሪስ ንግድ ምክር ቤት ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ነጋዴው ራሱ “ልጆቼን የሚያሠለጥን ቤት ያስፈልገኛል” ብሎ የኪሱን አወጣ። የእኛ ንግድ ምክር ቤቶች ከስብሰባና ከባዛር አልፈው እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ያለባቸው አይመስላችሁም?

ጠላት ከጠላት ጎን

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1959 መስከረም ወር በፎንቴንብሎ የነገሥታት ቤተ መንግሥት ውስጥ ትምህርት ጀመሩ። ጦርነቱ ካበቃ 14 ዓመት ብቻ ሆኖታል። አባቱ በጀርመን ጥይት የሞተበት ፈረንሳዊ፣ ከተማው በቦምብ ከፈረሰችበት ጀርመናዊ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ሒሳብ እንዲሠራ ተደረገ። ያን ጊዜ ተማሪው ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ መቻል ነበረበት። ትምህርቱ እንደ አሜሪካኖቹ ሁለት ዓመት ሳይሆን አንድ ዓመት እንኳ የማይሞላ ነው፤ ዛሬም አሥር ወር ነው። ተማሪዎቹ በትናንሽ ቡድን ይከፈላሉ፤ ቡድኑ ሲዋቀር ሆን ተብሎ የማይመሳሰሉ ሰዎች ይቀላቀላሉ። መሐንዲሱ ከባንክ ሠራተኛው፣ ሰሜኑ ከደቡቡ፤ መስማማት ባይችሉ እንኳ ሥራውን በሰዓቱ አብረው ማስረከብ ግዴታቸው ነው።

ሴቶች የገቡት በ1967 ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ኤሌን ፕሎዋ በኋላ በዓለም የገንዘብ ድርጅትና በዓለም ባንክ የፈረንሳይ ሥራ አስፈፃሚ ዳይሬክተር ለመሆን በቃች። በ2000 ትምህርት ቤቱ በሲንጋፖር ሁለተኛ ግቢ ከፈተ፤ ቀጥሎም ወደ አቡ ዳቢ ተሻገረ። ዛሬ የአንድ ተማሪ ክፍያ መቶ ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው ለመጻሕፍቱ አይደለም። ሒሳብ አያያዝና የገበያ ጥናት በርካሽ የሚማሩበት ቦታ ሞልቷል። የሚገዛው ትውውቅ ነው፤ እኛ በቋንቋችን “ሰው አለኝ” የምንለው።

ይህን የዕቁብ አገር ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ዕቁብተኛ ዳኛውንና ጸሐፊውን ስለሚያውቅ፣ ዋስ ስላለ፣ ገንዘቡን ያለ ፍርሃት ይሰጣል። ኢንሲያድም ዓለም አቀፍ ዕቁብ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ልዩነቱ ዕቁባችን ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ገበያ ወይም ከአንድ አገር ልጅ ሳይወጣ መቅረቱ ነው። እነሱ ግን ጠላት ከነበረው ጋር ዕቁብ ገቡ።

ዲግሪው በር ይከፍታል፣ ከዚያስ?

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ሊንድሲ ኦወን ጆንስ እንግሊዛዊ ነው። በ1969 ከኢንሲያድ ሲወጣ የፈረንሳዩ የመዋቢያ ዕቃ አምራች ሎሪያል ቀጠረው። ያን የመሰለ ዲግሪ ይዞ የተሰጠው ሥራ በኖርማንዲ ገጠር ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ሻምፑ መሸጥ ነበር። አላኮረፈም። ዋና ሥራ አስፈፃሚ የሆነው በ1988፣ ማለትም ከ19 ዓመት በኋላ ነው። እስከ 2006 በመራበት ዘመን ኩባንያው የአሜሪካኑን ሜይቤሊን ገዛ፤ ትርፉም ዓመት በዓመት ባለ ሁለት አሃዝ እያደገ ሄደ። ከፈረንሳይ ኩባንያዎች ሁሉ ፈረንሳዊውን በሎሪያል ወንበር ላይ እንግሊዛዊ መተካቱ በራሱ የዚያ የፎንቴንብሎ ጠረጴዛ ፍሬ ነው። የእኛ ምሩቅ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሽከረከር ወንበርና ጸሐፊ ይፈልጋል፤ ሱቅ ለሱቅ ዙር ቢሉት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል።

ሄለን አሌክሳንደርን ሁለተኛ እንጥቀስ። በ1984 ከኢንሲያድ ወጣች፤ ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔትን በሚያሳትመው ድርጅት ከገበያ ክፍል ተነሥታ በ1997 የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆነች፤ በ2009 ደግሞ የእንግሊዝ አሠሪዎች ኮንፌደሬሽን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ተባለች። በ2017 አረፈች። እሷም እንደ ጆንስ በአንድ ቤት ውስጥ ቆይታ ነው ያደገችው።

ሦስተኛው ፍሬደሪክ ማዜላ ነው። በ2003 የገና በዓል ወደ ወላጆቹ አገር ለመሄድ ባቡሩ ሞልቶ ተቸገረ። በእህቱ መኪና ሲጓዝ ግን አብዛኛው መኪና ከአሽከርካሪው በቀር ባዶውን እንደሚሄድ አየ። ባዶውን ወንበር መሸጥ ቢቻልስ ብሎ ያሰበው ያኔ ነው። በ2007 ኢንሲያድ ሲማር ሐሳቡን ይዞ ገባ፤ እዚያም የክፍል ጓደኛውን ኒኮላ ብሩሶንን አገኘና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራውን ብላብላካርን አብረው ገነቡ። ሐሳቡ ከትምህርት ቤቱ አልተገኘም፤ ከመንገድ ተገኘ። ትምህርት ቤቱ የሰጠው ሸሪክ ነው። እሑድ ማታ ከደብረ ብርሃንና ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚገባውን መኪና ሁሉ ቆጥሮ የሚያውቅ ደላላ ይህን ሐሳብ ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልገውም። የጎደለው ሸሪክና ካፒታል ነው።

ከአቢጃን እስከ ዙሪክ

እስካሁን የጠቀስናቸው ፎቶግራፋቸው በአክሲዮን ሽያጭ ስብሰባ ላይ ቢሰቀል የሚያምርባቸው ናቸው። የአባባ ጥያቄ የሚመለሰው ግን በሚቀጥለው ታሪክ ነው።

ቲጃን ቲያም በ1962 አቢጃን ተወለደ። ፈረንሳይ ውስጥ ዝነኛውን የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ፖሊቴክኒክን ጨረሰ፤ በ1988 ከኢንሲያድ ተመረቀ። በ1994 ወደ አገሩ ኮትዲቯር ተመልሶ የመንግሥትን የልማት ሥራዎች የሚያጠና ድርጅት መራ፤ ሚኒስትርም ሆነ። በ1999 ታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ግን ሥልጣኑም ሥራውም አበቃ። ከዜሮ ጀመረ። ወደ ለንደን ተሻግሮ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ የታላቁ የመድን ኩባንያ የፕሩደንሻል ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆነ። ከመቶዎቹ የለንደን ገበያ ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው።

በዓመቱ ትልቅ ስህተት ሠራ። ኤአይኤ የተባለውን የእስያ የመድን ኩባንያ በ35.5 ቢሊዮን ዶላር ልግዛ አለ። ባለአክሲዮኖቹ “ውድ ነው” ብለው ተነሡበት፤ ዋጋ ቀንሱልኝ ሲል ሻጩ እምቢ አለ፤ ግዢው ፈረሰ። ለአማካሪ፣ ለጠበቃና ለመሳሰለው የወጣው ወደ 377 ሚሊዮን ፓውንድ ቀለጠ። በኋላም፣ በ2013፣ የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሐሳቡን አስቀድማችሁ አላሳወቃችሁኝም ብሎ ኩባንያውን 30 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ፤ ቲያምንም በይፋ ወቀሰ። ሆኖም ባለአክሲዮኖቹ አላባረሩትም፤ እሱም አልሸሸም። ኩባንያውን አጠንክሮ በ2015 ሲለቅ የአክሲዮኑ ዋጋ እሱ ሲረከብ ከነበረው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር።

ቀጥሎ የተረከበው በ1856 የተመሠረተውን የስዊዘርላንድ ባንክ ክሬዲት ስዊስን ነው። አደገኛውን የንግድ ክፍል ቀነሰ፤ ባንኩም ከዓመታት ኪሳራ በኋላ በ2018 ትርፍ አሳየ። ነገር ግን በ2019 ባንኩ ወደ ተፎካካሪው ወደ ዩቢኤስ በሚሄድ አንድ ከፍተኛ ሹሙ ላይ ሰላይ ማስከተሉ ተጋለጠ። ምርመራው ቲያም ያውቅ ነበር የሚል ማስረጃ አላገኘም፤ ቢሆንም በ2020 የካቲት ከወንበሩ ወረደ።

በዚያው ባንክ በ2021 ሊቀመንበር ሆኖ የመጣው ፖርቱጋላዊው አንቶኒዮ ሆርታ ኦሶሪዮም የኢንሲያድ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት የእንግሊዙን ሎይድስ ባንክ መርቶ፣ በ2008 ቀውስ መንግሥት 20 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ያፈሰሰበት ባንክ በ2017 ሙሉ በሙሉ ወደ ግል ባለቤቶች እንዲመለስ ያደረገ ሰው ነው። ክሬዲት ስዊስ ሲገባ ባንኩ አርኬጎስ በተባለ አንድ ተበዳሪ ምክንያት 5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከስሮ ጠበቀው። ነፃ መርማሪዎች ያወጡት ሪፖርት ጥፋቱ የአመራርና የቁጥጥር ጉድለት ነው አለ፤ የማስጠንቀቂያው ምልክት በእጃቸው እያለ የሚያስቆም ሰው ጠፋ። ሆርታ ኦሶሪዮ “ሥርዓት ላስይዝ” ብሎ በተነሣ በዘጠኝ ወሩ፣ ራሱ የኮሮናን የለይቶ ማቆያ ደንብ ጥሶ በመገኘቱ በ2022 ጥር ለቀቀ።

መጨረሻውን ሁላችንም ሰምተናል። በ2023 መጋቢት ክሬዲት ስዊስ ለዩቢኤስ በ3 ቢሊዮን ፍራንክ ተሸጠ። 16 ቢሊዮን ፍራንክ የሚያህል ቦንድ የገዙ ሰዎች ወረቀታቸው ባንድ ሌሊት ዜሮ ሆነ። 167 ዓመት የኖረ ስም በአንድ ቅዳሜና እሑድ ተዘጋ።

ይህን ስጽፍ ሁለቱን ሰዎች ለባንኩ ሞት ተጠያቂ ማድረጌ አይደለም። አንደኛው ቀድሞ ወጥቷል፣ ሌላኛው እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነው የደረሰው። ለማለት የፈለግሁት ሌላ ነው። ከዓለም ምርጥ ትምህርት ቤት የወጡ፣ በሌላ ቦታ ትልቅ ሥራ ሠርተው ያሳዩ ሁለት ሰዎች በተከታታይ ወንበሩ ላይ ቢቀመጡም ባንኩ አልዳነም። “እንዲህ አይሆንም” የሚል ተቆጣጣሪ በታችኛው ፎቅ ከሌለ በላይኛው ፎቅ የተሰቀለ ዲግሪ ግድግዳ ከማስጌጥ አያልፍም።

ለእኛ ገበያ

ጉዳዩ ለእኛ ወቅታዊ የሆነው ለምንድን ነው? በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተመርቋል። ነገ የውጭ ባንክ ሲመጣ ከኢንሲያድና ከመሰሎቹ የወጡ ሰዎችን ይዞ ይመጣል፤ የአገር ውስጡም “እኔስ ማን አለኝ?” ብሎ ዲግሪ ፍለጋ ይሮጣል። የአክሲዮን ሻጩም በፎቶግራፍና በኮሌጅ ስም ያጥለቀልቀናል።

ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ “እኔ ከመርካቶ ዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቅሁት፤ ትምህርት ምን ያደርግልኛል?” የሚል ነጋዴ አለ። ይኸኛውም ተሳስቷል። የፓሪስ ነጋዴ ምክር ቤት ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያወጣው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። አውሮፓ አንድ ገበያ ልትሆን ነውና ከጎረቤቱ ጋር መነገድ የማይችል ሰው ይቀራል ብሎ አስቀድሞ ስላሰበ ነው። እኛም ከናይሮቢ፣ ከጅቡቲና ከዱባይ ነጋዴ ጋር እኩል ተቀምጦ ውል የሚያነብ ልጅ ያስፈልገናል። ትምህርቱን አንጥላው፤ ዋጋውን ግን እንወቅ።

ስለዚህ አክሲዮን ገዢው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ እላለሁ።

አንደኛ፣ ሰውየው ከታች ጀምሮ የሠራው የት ነው፣ ለስንት ዓመትስ ቆየ? የሻምፑ ካርቶን የተሸከመ ሰውና ከአንድ ወንበር ወደ ሌላው የዘለለ ሰው ዲግሪያቸው አንድ ቢሆንም ዋጋቸው አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ “አይሆንም” የሚለው ማነው? ቦርዱ የክፍል ጓደኞቹ፣ ኦዲተሩ የአገሩ ልጅ፣ ጠበቃው አማቹ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ትውውቅ በባለአክሲዮኑ ላይ የተዘጋ በር ነው። የትምህርት ቤት ትውውቅ እንደ ዕቁብ ሲሆን ያዋጣል፤ እንደ ጋብቻ ሲሆን ግን ሒሳብ መተሳሰብ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ የአባባ ጥያቄ። ከስሮ ያውቃል ወይ? ከከሰረስ ምን አደረገ? ቲያም 377 ሚሊዮን ፓውንድ አቅልጦ በባለአክሲዮኖቹ ፊት ቆመ፤ አምስት ዓመት ሠርቶም ካሳቸው። ጥሩ ሥራ አስኪያጅ አይከስርም የሚል ሕግ የለም። ኪሳራውን የሚደብቅ ግን ጥሩ ሥራ አስኪያጅ አይደለም።

ዦርዥ ዶሪዮ 70 ሺህ ዶላሩን ሲያወጣ ያየው የሁለቱን ወጣቶች ጠባይ ነበር። ከሰባት አሥርት ዓመታት በፊት በቦስተን ያ ጄኔራል ያሰበውና በዚያ አዳራሽ የእህል በረንዳው ሽማግሌ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ለጄኔራሉ ጥያቄ ትምህርት ቤት ተሠራለት፤ ለሽማግሌው ተሳቀባቸው።

ስብሰባው ሲያልቅ በሩ ላይ አገኘኋቸው። ፎርሙ በእጃቸው ነበር። “ገዙ ወይ ጋሼ?” አልኳቸው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱትና፣ “የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እገዛለሁ” ብለው ሄዱ።